ደርቲ ኪችን እና ሁለት ጣት ትርፍ

ሰው ሲያረጅ ከቤት ዕቃ እንደ አንዱ ይቆጠራል ይላሉ። ውሸት ነው። ዕቃ የት ይቀመጥ ተብሎ ይመከርበታል። በእኔ ጉዳይ ማንም አልመከረም። ይህን ስል እያማረርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ማማረር የሚያምርበት ሚስቱ ስታማርር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ የማወጋችሁ ማድ ቤት ስላበዛንበት፣ ማድ ቤቱ በበዛ ቁጥርም ምሳችንን ከጎረቤት ስለበላንበት ሰሞን ነው።

ቤቴ አፍንጮ በር ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈ፤ ዳዊት ሳልደግም መርፌ ያዝኩ። አርባ ዓመት ፒያሳ ልብስ ሰፍቻለሁ። ሱቄ የነበረበት መስመር ሲነሳ የስፌት መኪናዬን አሸክሜ ቤት ገባሁና ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ክፍል አስቀመጥኳት። ክፍል ያልኳት ላከብራት ብዬ ነው። መሃሏ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ሁለቱም ግድግዳ ይደርሰኛል። መስኮቷ ግን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መርፌዬን ወደ ፀሐይ አንስቼ ክር የማሾልከው እዚያ ነው። የሠፈሩን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ጉልበት እጠግናለሁ። ያቺ ክፍልና ያቺ መኪና ባይኖሩ ማን እንደምሆን አውቃለሁ። በር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ እሆናለሁ፤ አላፊ አግዳሚው “እንደምን አደሩ አባባ” ብሎት መልሱን ሳይሰማ የሚያልፈው ዓይነት። ከእንደዚህ ዓይነቱ ይሰውራችሁ።

ልጄ ሰናይት ቢሮ ነው የምትሠራው። ምን እንደምትሠራ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ “ጎበዝ” ብያታለሁ። አንድ እሁድ ስልኳን ይዛ መጣችና ለእኔና ለእናቷ ለአስካለ አንድ ሥዕል አሳየችን። ሥዕሉ ውስጥ ነጭ የሆነ ክፍል አለ። ሰው የለበትም። ድስት የለበትም። የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ ለምስክር የለበትም።

“ሆስፒታል ነው?” አልኩ።

“ኪችን ነው አባዬ!”

“ታዲያ ማን ታሞ ነው እንዲህ ያጸዱት?”

አስካለ በክርኗ ጎሰመችኝ። በዚያ ጉሰማ ነው ነገሩ እንዳለቀለት የገባኝ። እናትና ልጅ ከተስማሙ በኋላ የአባት ድምፅ በምርጫ ማግሥት የተሰጠ ድምፅ ነው።

ጓሮ የነበረችው ማድ ቤታችን በሳምንቱ ፈረሰች። ቆርቆሮዋ የጠቆረ፣ በሯ አንድ ማጠፊያ ብቻ የቀራት፣ ግድግዳዋ የአርባ ዓመት በርበሬ የጠጣ ማድ ቤት ነበረች። ግቢውን ታበላሻለች ተባለች። አርባ ዓመት ስታበላን መቆየቷ ከወንጀሏ አላዳናትም። ከዚያ የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ፈረሰና እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ነጩ ኪችን ተሠራ። መሃሉ ላይ እንደ ባንኮኒ ያለ፣ ዙሪያውን የሚኬድበት ሰፊ ጠረጴዛ አቆሙበት። “አይላንድ” ይባላል፤ ደሴት ማለት ነው አለችኝ ሰናይት። በሕይወቴ ደሴት ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። እነሆ ደሴቱ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ አስካለ አንድ ቀን ተሳስታ ምግብ እስክትሠራበት ድረስ።

ሽሮ ነበር የሠራችው። ሽሮ እንደምታውቁት የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ትሕትና የለውም። ሲንተከተክ ይተኩሳል። ማታ ሰናይት ስትመጣ ነጩ ግድግዳ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሎ ጠበቃት።

“እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?”

“ምን ሆንኩ? እራት ሠራሁ።”

“ኪችኑ ላይ?!”

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ጣሪያው ዞርኩ። በአርባ ምናምን ዓመት ትዳር ውስጥ ጣሪያ ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

በማግሥቱ ንድፉን የሠራው ልጅ ተጠርቶ መጣ። ናትናኤል ይባላል፤ “ናቲ በሉኝ” አለ። ላፕቶፑን ታቅፏል። ሥራዬ ነውና መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን ሱሪውን ነው፤ ልብስ ሰፊ ሰውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነበው። ሱሪው የተለበሰ ሳይሆን የተቀባ ይመስላል። ከውስጥ በኩል ለማስፊያ የተተወ ትርፍ የሚባል ነገር አይታሰብም። “ይሄ ልጅ አንድ ቀን ቁጢጥ ያለ እንደሆነ እግዜር ይሁነው” አልኩ በልቤ።

ናቲ ነጠብጣቡን አየና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

“እማማ፣ ይሄኛው እኮ ምግብ አይሠራበትም። ለእይታ ነው። ፍራፍሬ ምናምን ይቀመጥበታል።”

“ወጡስ?” አለች አስካለ።

“ለወጡ ደርቲ ኪችን እንጨምራለን።”

“ምን እንጨምራለን?”

“ከኪችኑ ጀርባ ያለች ትንሽ ኪችን። ሽንኩርቱ እዚያ ይከተፋል፣ ወጡ እዚያ ይቁላላል፣ ድስቱ እዚያ ይታጠባል። ጭሱም ሽታውም እዚያው ይቀራል፤ እንግዳ አያያትም። አሁን ዘመናዊ ቤት ሁሉ አለችው።”

እኔ ቀስ ብዬ አሰብኩ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ትንሽ ቤት፣ ጭስና ድስት ያለባት፣ እንግዳ የማያያት።

“ልጄ” አልኩት፣ “ባለፈው ያፈረሳችኋት እኮ እሷን ነው።”

“አይ አባባ፣ ያቺ ማድ ቤት ናት።”

አዋቂ ሲናገር መስማት ደስ ይላል። ልዩነቱ ወዲያው ገባኝ፤ ያቺ በነጻ ነበረች።

ከዚያ ናቲ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና የክፍሌን በር ገፋ አደረገው። “ጎሽ! እዚህ ጋ ስቶር አላችሁ አይደል? እዚህ ትሆናለች።” ስቶር ያለው እኔን ከነመኪናዬ ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን የብረት እግር ዳበሰና ዓይኑ በራ።

“ውይ! ይሄ አሮጌ እግር እኮ አሁን በጣም ነው የሚፈለገው! ራሱን እናነሳለትና እግሩ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ እንጭንበታለን። በጣም ነው የሚያምረው።”

“ራሷን ታነሳለህ?” አልኩት።

“አዎ አባባ። ዋናው እግሩ ነው።”

“እንግዲያው ከእኔ ጀምር። እኔም እግሬ ገና ደህና ነው።”

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ሰናይትም ሳቀችና ትከሻዬን አቀፈችኝ። “አባዬ፣ አንተ አሁን ማረፍ ነው ያለብህ። ሳሎን ቁጭ ብለህ ቴሌቪዥን ታያለህ።” ልጄ ክፉ አይደለችም። የሚወድህ ሰው ሲጨክንብህ ነው መድኃኒት የሌለው፤ የምትጣላበት ቦታ አይተውልህም።

እኔ ደግሞ ክርክር አልችልበትም። ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ውስጥ እስፒል ይዤ ነው የሠራሁት፤ በአፉ እስፒል የያዘ ሰው አይከራከርም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠሩልኝ። መስኮቴ ለጭስ ማውጫ ተደፈነች፣ ግድግዳው ለቧንቧ ተቦረቦረ። መኪናዬ “ለጊዜው” ተብላ ወደ ነጩ ኪችን ተሻገረችና ከደሴቱ አጠገብ ቆመች። ሲንኩ ከመጣ በኋላ ራሷ ይነቀላል ተባለ። እኔ እሷን ሳይ እሷ እኔን ስታይ ሰነበትን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የደርቲ ኪችኑን ቁም ሳጥን የሚሠራው ደምሴ የሚባል እንጨት ሠሪ ነው፤ መሥሪያ ቦታው እዚሁ ከእኛ ቅያስ ወጣ ብሎ ነው። ናቲ ለሌላ ሥራ ከከተማ ወጥቶ ኖሮ ደምሴ ልኬቱን ዛሬ ካላገኘሁ ወረፋው ያልፋችኋል አለ። ሰናይት ደወለችልኝ።

“አባዬ፣ አንተ እኮ መለካት ታውቃለህ። ክፍሉን ለክተህ ለደምሴ ስጥልኝ። የቅያሱንም ስፋት ለካልኝ፣ ዕቃው ማለፍ አለበት።”

አየ ሰው! ክፍሌን የቀማኝን ዕቃ እኔው እንድለካ ስጠየቅ፣ ከመናደድ ይልቅ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኩራት! ማን ነው አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ የኖረ? ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት ሙሽራ “ትንፋሽዎን ይያዙ” ብዬ ያስያዝኩ ሰው፣ አራት ግድግዳ ያቅተኛል? መነጽሬን ጠርጌ ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር ለካሁ። ለክቼም እንደ ልማዴ በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት ለማጠፊያ ጨምሬ ጻፍኩ።

አትቸኩሉ፤ ላስረዳችሁ። ልብስ ሰፊ ልክ በልክ አይቆርጥም። ልክ በልክ የሚቆርጥ ለማጅ ነው። ጨርቁ ይታጠፋል፣ ይሰፋል፣ ሰውየውም በልቶ ይወፍራል፤ ለዚህ ሁሉ ትርፍ ይተውለታል። ሁለት ጣት የማይጨምር ልብስ ሰፊ ሰውን አያውቅም፣ የነገውን አያስብም። ይህ በእጄ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ እጄ ሲጨምር እኔን አያማክርም።

ከዚያ ቅያሱን ልለካ ወጣሁ። በእኛ ሠፈር በዚህ ዘመን ሜትር ይዞ ቅያስ ውስጥ የሚመላለስ ሰው እንዴት እንደሚታይ የማያውቅ ካለ ዕድለኛ ነው። ሁለት መስኮት ተከፈተ፤ አንዲት ሴት “ወይኔ ልጆቼ!” አለች። ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተን ነው ያረጀነው።

“መጡ እንዴ?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“እነማን?”

“ቤት ሊያፈርሱ የሚለኩት ነዋ!”

“ኧረ እኔ ነኝ ሐጂ። ለቁም ሳጥን ነው።”

“ወሏሂ ልቤን ቀጥ አደረግከው! ከመቼ ወዲህ ነው አንተ መንግሥት የሆንከው?” አሉና ማንቆርቆሪያቸውን መሬት አስቀምጠው የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ። ለካን። በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት ጨመርኩና ጻፍኩ።

ወረቀቱን ለደምሴ ወስጄ ሰጠሁት። አየው፣ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

“ጋሼ፣ በሁለት ከፍዬ ልሥራውና እዚያው እንግጠመው?”

“የምን ቁርጥራጭ?” አልኩት። “ወጥ ይሁን። በሕይወቴ ቅጥያ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።”

“ቅያሱን ያልፋል?”

“ለክቼዋለሁ አልኩህ!”

በወረቀት ላይ በእርግጥ ያልፋል። ቁም ሳጥኑ በአራት ጣት ሰፍቷል፣ ቅያሱም በአራት ጣት ሰፍቷል፤ ሁለቱ በሰላም ይተላለፋሉ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ግንብ ጨርቅ አይደለም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ቁም ሳጥኑ በአራት ሸካሚዎች ትከሻ መጣ። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ባለ ሁለት ተካፋች በር፣ ጀርባው ለግድግዳ ተብሎ ክፍት የተተወ፣ መደርደሪያው ገና ያልገባለት ነው። እስከ ቅያሱ መታጠፊያ በጎኑ እያዘነበሉ አመጡት። መታጠፊያው ላይ ሊያዞሩት ሲሉ ቀጥ ብሎ ቆመና ከዚህ ግንብ እስከዚያ ግንብ ግጥም አለ። ያለ ማጋነን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ልክ የሆነ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

“ግፋ!” አለ አንዱ።

“ያዝ! እጄን! እጄን!” አለ ሌላው።

ወደ ኋላ ሲስቡት የሐጂ ሰይድ ጣሪያ አሸንዳ ከላይ ያዘው። የሠፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ሠፈራችን ዘይት ሊያጣ ይችላል፤ ምክር አጥቶ አያውቅም። “ሳሙና ቀቡት” ያለ አለ። “ውሃ ብታርከፈክፉበት ይጨማደዳል” ያለም አለ። አንዱ ጎልማሳ ደግሞ እጁን ኪሱ ከትቶ “እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ አላስገባውም ነበር” አለ። ይህ ሰው በየሠፈሩ አንድ አንድ ይመደባል መሰለኝ።

ደምሴ የራሱን ሜትር አውጥቶ ቅያሱን ለካ። ወረቀቴን አየ። ደግሞ ለካ።

“ጋሼ፣ አራት ጣት የት ሄደ?”

“የትም አልሄደም። ጨምሬው ነው።”

“ለምንድን ነው የጨመሩት?”

“ለማጠፊያ።”

ደምሴ ግንቡን አየ፣ እኔን አየ። “ግንቡን ሊያጥፉት ነው?”

ሸካሚዎቹ ሳቃቸውን ሊያፍኑ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን የመሬቷን ስፋት ማን ይለካል?

“በመጋዝ ይቆረጥ” ተባለ። ደምሴ እምቢ አለ። “ወጥ ይሁን ብለው ያስለፉኝን ዕቃ ዛሬ አልቆርጥም። ልቤ ይረፍ። ሰኞ” ብሎ ሄደ። ቁም ሳጥኑ ፊቱን ወደ ዋናው መንገድ፣ ክፍት ጀርባውን ወደ እኛ ቤቶች አድርጎ ቅያሱ ላይ እንደ ከተማ በር ቆሞ ቀረ።

ጭንቁ ዓርብ መሆኑ ነው። ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ለጁምዓ ሊወጡ መጡ፤ መንገድ የለም። ትንሽ አሰቡ። ምርኩዛቸውን ወደ ቁም ሳጥኑ ሆድ አስቀደሙ፣ በጀርባው ገቡ፣ በሩን ከውስጥ ገፍተው ከፈቱና በፊት በኩል ወጡ። ከወጡም በኋላ ዞር ብለው በሩን በእርጋታ ዘጉት።

“አብሽር!” አሉኝ በበሩ ስንጥቅ። “ሰፊ ነው። ማሻአላህ።”

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ የሠፈሩ ሰው በቁም ሳጥን ውስጥ ወጥቶ በቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ጨዋ ሰው ያንኳኳል፤ ያልጨነቀው ገፍቶ ይገባል። ወፈር የምትለው ጎረቤታችን “ሁለቱንም ተካፋች ክፈቱልኝ” እያለች ታዛለች። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ቤት ሲጠይቅ “ኪችን ካቢኔቱን ከፍተህ ግባ፣ ከዚያ በስተግራ” ተብሎ ተጠቁሞ፣ ቀልድ መስሎት ተመለሰ። ምሽት ላይ ደግሞ ሠፈራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ተዘግቶ አደረ። “ሌባ እንኳ አፈረ” አሉ ሐጂ።

እስከዚያ ድረስ እኛ ምን እንበላለን? ማድ ቤቷ ፈርሳለች። ደርቲ ኪችኑ ዕቃ የለውም። ነጩ ኪችን ለእይታ ነው፤ ስናየው እንውላለን። አስካለ ሽሮዋንና ድስቷን ይዛ የሐጂ ባለቤት ከድጃ ማድ ቤት ገባች። ጾም ነበርና ሥጋ የለበትም፤ የሃይማኖት ጥያቄ አልተነሳም። የተነሳው የበርበሬ ጥያቄ ነው።

“አንቺ ሴት” ትላለች ከድጃ፣ “ይሄ ወጥ ነው ወይስ ቅጣት?”

“ሰውየውን እየቀጣሁት ነው” ትላለች አስካለ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እሰማለሁ።

እኔ ግን፣ ልሸሽጋችሁ አልፈልግም፣ በዚያ ሰሞን ኃጢአት ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን የሐጂን ሌላ ጀለቢያ ጫፉን ላሳጥር አነሳሁና ደሴቱ ላይ ዘረጋሁት። ጨርቁ እጁንና እግሩን ዘርግቶ ተኛ። በሦስት መስኮት ብርሃን ይገባል። በአራቱም ማዕዘን እየዞርክ ትቆርጣለህ። አርባ ዓመት ሙሉ በጠባብ ባንኮኒ ላይ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ይህን የመሰለ የጨርቅ መቁረጫ በዚህ ምድር ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር። መኪናዋን ጠጋ አደረግኋት። እግሬን ፔዳሏ ላይ አኖርኩ። ነጩ ኪችን ከተሠራ ጀምሮ የመጀመሪያው የሥራ ድምፅ ተሰማበት። እሁድ ሦስት ደንበኛ በቁም ሳጥኑ አልፎ መጣ። ሲገቡ ነጩን ወለል አይተው ጫማቸውን አወለቁ። ሱቄ እንኳ እንደዚያ ተከብሮ አያውቅም።

ሰኞ ደምሴ መጋዙን ይዞ መጥቶ ቁም ሳጥኑን መሃል ለመሃል ሁለት አደረገው። ሁለቱ ቁራጮች ተከታትለው እንደ ሙሽራና ሚዜ ገቡ። ደርቲ ኪችኑ ውስጥም ተጋጥመው ቆሙ፤ ትርፍ አራት ጣቷን ደምሴ ከመሃል ቆርጦ አወጣትና “ማስታወሻ” ብሎ ሰጠኝ። ቅጥያው አይታይም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ባይታይም ነደደኝ።

የቀረው ሲንኩ ነበር። ሲንኩ ደግሞ የሚጠብቀው የመኪናዬን እግር ነው።

ናቲ በቀጣዩ እሁድ መጣ። በአንድ እጁ ካሜራ፣ በሌላው መፍቻ ይዟል። ሰናይትም አብራው ነበረች። ነጩ ኪችን ውስጥ መኪናዬን፣ መቀሴን፣ የተዘረጋ ዩኒፎርምና አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር ሲያይ ክው አለ።

“ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?”

“ትሰፋለች” አልኩት።

“አባዬ!” አለች ሰናይት። “ለጊዜው አልተባባልንም?”

“ልጄ፣ እኔም እኮ ለጊዜው ነኝ።”

ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም። ናቲ ግን ሰዓቱን አይቶ “ችግር የለም፣ መጀመሪያ ፎቶ ላንሳ፣ ከዚያ ራሱን እነቅለዋለሁ” አለና መፍቻውን ደሴቱ ላይ አስቀመጠ። ዩኒፎርሙን አነሳሁለት። መፍቻውን አየሁት፤ መኪናዬን አየኋት። በሩ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ታየኝ። እንደምን አደሩ አባባ።

ናቲ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሄደ። “ከታች ነው የሚያምረው” አለ። ዝቅ አለ። ትንሽ ጨመረ። ቁጢጥ አለ።

ጨርቅ ሲቀደድ ድምፁ ይለያያል። ሐር ያፏጫል፣ አቡጀዲ ይጮኻል። ትርፍ የሌለው ሱሪ ሲቀደድ ግን እንደ ሳቅ ነው፤ ከኋላ ጀምሮ እስከ ፊት ይስቃል።

ናቲ እንደተቀመጠ ቀረ። ሰናይት ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከውጭ የገባችው አስካለ ብቻ ናት ምን እንደሚደረግ ያወቀችው። ሽርጧን ፈትታ ወረወረችለት።

“ግባ ልጄ፣ ግባ። እንግዳ የማያየው ቦታ አለን።”

ናቲ ሽርጡን ታጥቆ እየተንደረደረ ደርቲ ኪችን ገባና በሩን ዘጋ። ሱሪው በበሩ ስንጥቅ ወጣልኝ። ገልብጬ አየሁት። ያልኩት ነው። ከውስጥ የምይዘው ትርፍ አንዲት ጣት እንኳ የለም፤ ከሌላ ጨርቅ ካልተቀጠለ ሱሪ አይሆንም። የድሮ መጋረጃችንን ቁራጭ አወጣሁ፤ ቀለሙ ይቀርባል።

“አባባ” አለ ከውስጥ በቀጭን ድምፅ፣ “ይሰፋል?”

“ይሰፋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የቸገረኝ።”

“ምን?”

“መኪናዋን ራሷን ሳትነቅል ብትቆይልኝ ብዬ ነው። በእግሯ ብቻ አትሰፋም።”

አስካለ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከደርቲ ኪችኑ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

“አባባ።”

“አቤት።”

“ሲንኩን እኮ ግድግዳው ላይም መስቀል ይቻላል።”

“አንተ ታውቃለህ ልጄ። የተማርከው አንተ ነህ።”

ቁጭ ብዬ መስፋት ጀመርኩ። ሰናይት ቀስ ብላ መጥታ ደሴቱን ተደግፋ ቆመች። ትንሽ ልጅ ሆና ሱቄ ስትመጣ እንደዚሁ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ እጄን ታይ ነበር። እጄን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ መፍቻውን ከደሴቱ ላይ አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“እዚሁ ትቁም” አለች። “ግን አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቁም ሳጥን አውቀህ ነው እንዴ እንደዚያ የለካኸው?”

ልመልስላት ነበር፤ አፌ ውስጥ ግን እስፒል ነበር።

አሁን አስካለ ደርቲ ኪችኗ ውስጥ በሯን ዘግታ ታቁላላለች። ማድ ቤቴ ተመለሰች ትላለች፤ ግድግዳዋም መቅላት ጀምሯል። ከድጃ አልፎ አልፎ ድስቷን ይዛ ትመጣለች፤ የበርበሬው ክርክር ቀጥሏል። እኔ ነጩ ኪችን ውስጥ እሰፋለሁ። ሰናይት እንግዳ ስታመጣ ኪችኑን ለማየት ይመጡና ሱሪ አስለክተው ይሄዳሉ። ለእይታ ነው አልተባለም ነበር? ይታያል።

ናቲ በቀደም የተስተካከለውን ንድፍ በወረቀት አትሞ ላከልን። ነጩ ኪችን አለ፣ ደሴቱ አለ፣ ከጀርባ ደርቲ ኪችኑ አለ። ከደሴቱ አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ተሥላለች፤ ውስጧ “የአባባ መኪና” ይላል። ንድፍ ላይ ስገባ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኳት። ሜትሬን አውጥቼ ለካኋት።

ልክ በልክ ነው የሠራት።

እርሳስ ፈለግሁና በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት ጨመርኩባት።